ሚስተር ራሲክ እና የኮመዲኖው መሳቢያ

ኒላ የደወለችልኝ ጠዋት ነው፤ ገና ለሥራ እየለባበስኩ ነበር።

“ሰኒ፣ እየነዳሽ ነው?” አለችኝ በእንግሊዝኛ።

“አይ፣ ቤት ነኝ።”

“ብቻሽን ነሽ?”

“ባሌ ሻወር ውስጥ ነው። ምነው?”

“ቁርስ በልተሻል?”

ይህን ስትል ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ዳላስ ውስጥ ያለ ሀበሻ ሰው እንደሞተበት የሚገባው ወዳጆቹ ድንገት ስለ ቁርሱ መጨነቅ ሲጀምሩ ነው። ኒላ ግን ሀበሻ አይደለችም። ጉጃራት ከምትባለው የሕንድ ክፍለ ሀገር ሰዎች የተወለደች፣ አርሊንግተን ውስጥ ሞቴል የምታስተዳድር፣ ወሬ ሲረዝም ሰዓቷን የምታይ ነጋዴ ናት። የመርዶን ደንብ እንዲህ አሳምረው ያስተማሯት አባቷ ሚስተር ራሲክ መሆን አለባቸው። የነገረችኝም የእሳቸውኑ መርዶ ነበር።

“ዳዲ ማታ ተኝቶ ጠዋት አልተነሳም” አለችኝ።

አለቀስኩ። ባሌ ፎጣውን ይዞ ሲወጣ ግን የሚያለቅስ ሳይሆን የሚስቅ ሰው አገኘ። ሚስተር ራሲክ ቢሆኑ “ሰናይት፣ መርዶውን ከአሥር ስንት ሰጠሽው?” ብለው እንደሚጠይቁኝ ትዝ ብሎኝ ነው። ከአሥር አሥር እሰጠው ነበር።

ያወቅኋቸው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ በገባሁ ሰሞን ነው። ክፍል አጽጂ ለመሆን ሞቴሉ ሄጄ ኒላ ለቅጥር ፈተነችኝ፤ ፈተና ከተባለ። አልጋ እንዴት እንደማነጥፍ አሳይቼ፣ እንደገና አሳይቼ፣ ሎቢው ውስጥ ጠብቂ ተባልኩ። አጠገቤ አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ጋዜጣ ዘርግተው ይዘዋል። ማን ይሰማኛል ብዬ በአማርኛ “ወይ ጉድ፣ እቺ ደግሞ እንዴት ያለች ቁጡ ናት” ብዬ አጉረመረምኩ።

“ቁጣዋ ላይ ላዩን ነው የኔ ዓለም። ግድ የለሽም፣ ትቀጥርሻለች” የሚል ድምፅ ከጋዜጣው ኋላ መጣ። ጠ እና ቀ ትንሽ ይለሰልሱበታል እንጂ የጠራ የደሴ አማርኛ ነው።

ቦርሳዬ ከጭኔ ወደቀ። ጋዜጣው ዝቅ ሲል ግራጫ ሹራብ የለበሱ፣ ጆሯቸው ትልልቅ የሆነ፣ በራሳቸው ቀልድ ቀድመው የሚስቁ ሰው ብቅ አሉ። ደሴ ሃያ ዓመት ግድም ሂሳብ አስተምረዋል። ከባንኮኒው ኋላ ኒላ ቀና ሳትል “ዳዲ፣ እዚህ አይሆንም” አለች በእንግሊዝኛ። ሽማግሌው ጋዜጣቸውን መልሰው አነሱ። የከለከለቻቸው ወሬውን ይሁን አማርኛውን ያኔ አልገባኝም።

አርሊንግተን አውቶቡስ የማይታሰብ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ከቤቴ የሚወስዱኝ እሳቸው ሆኑ። ያቺን አሮጌ ቶዮታ ሲነዱ ግጥም ይሉባታል፤ ግጥም ሲሉ ደግሞ ነዳጁን ይረሱታል። ከኋላችን የጭነት መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል።

“ኧረ ይፍጠኑ፣ ሊጨፈልቁን ነው” ስላቸው፣

“ይህን ቤት ልጨርስና እፈጥናለሁ” ይሉኛል። ከዚያ ቤት ቀጥሎ ሁልጊዜ ሌላ ቤት አለ። ደስ ያላቸውን ስንኝ ሲጨርሱ አውራ ጣታቸውን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ፈተግ ፈተግ አድርገው ያራግፋሉ። ጠመኔ ከያዙ ስንት ጊዜ አልፏቸው፣ የሌለውን አቧራ ነው የሚያራግፉት። ያን ጊዜ መሪውም በቀኝ ይሁን በግራ እጃቸው እንደተያዘ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ግጥሞቹ የጉጃራቲ ናቸው። ሚስተር ራሲክ ደሴ እያሉ ጀምረው፣ አሜሪካ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ወዲህ ሙሉ ሥራቸው ያደረጉት የአገራቸውን ግጥሞች ወደ አማርኛ መተርጎም ነው። ወደ እንግሊዝኛ ቢሆን እሺ። ወደ አማርኛ፣ ያውም ቴክሳስ ተቀምጦ።

“ማን ጠየቀዎት ግን?” አልኳቸው አንድ ቀን አንሶላ እያጣጠፍን።

“ማንም።”

“ታዲያ?”

“ማንም ስላልጠየቀኝ ማንም አይቸኩልብኝም” አሉና ጣቶቻቸውን አራገፉ።

አሠራራቸው ደግሞ የብቻቸው ነው። ሞቴሉ ውስጥ በሳምንት የሚከራዩ ሀበሾች አይጠፉም ነበር፤ ከሌላ ስቴት መጥቶ ታክሲ ሊጀምር ያሰበ፣ አፓርትመንት እስኪያገኝ የሚጠብቅ። ሚስተር ራሲክ የተረጎሙትን ግጥም በዚያ በሚያምር የጥቁር ሰሌዳ ጽሑፋቸው በአንድ ወረቀት ገልብጠው፣ እንግዳው ሳይገባ አልጋው አጠገብ ያለው ኮመዲኖ መሳቢያ ውስጥ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን ያስቀምጡታል። ስምም፣ ማብራሪያም የለው። እንግዳው ሲለቅ ወረቀቱን ይዞት ከሄደ ግጥሙ ተተርጉሟል። ትቶት ከሄደ አልተተረጎመም፤ እንደገና ይሠራል።

“ለምን በቀጥታ አይጠይቋቸውም?” አልኳቸው።

“ብጠይቅማ ‘ግሩም ነው ጋሼ’ ይሉኛል። ሀበሻ፣ ሽማግሌ ማስከፋት አይሆንለትም። መሳቢያ ግን ይሉኝታ የለውም።”

ውጤቱን የማመጣው እኔ ነኝ፤ ክፍሉን የማጸዳው እኔ ነኝና። በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

“የለም” እላለሁ።

“የቆሻሻ ቅርጫቱንስ አየሽ?”

“አየሁ። የለም። ማስቲካ ጠቅልሎበት ቢሆንስ?”

“ማስቲካ የሚጠቀልል እዚያው ይጥለዋል። ተተርጉሟል።”

ከዚያ ቆርቆሯቸውን ይዘው ይመጣሉ። ውስጡ ጥቁር ስኳር ነው፤ ከሸንኮራ ተጨምቆ የደረቀ፣ ድንጋይ የሚያክል። በእነሱ አገር ደስ ያለው ሰው የሌላውን አፍ ያጣፍጣል፤ ሚስተር ራሲክ ደግሞ ይህን ከደሴ ጉርሻ ጋር አዳቅለውት በገዛ እጃቸው ያጎርሱናል። ያውም በደንቡ፣ አንዴ አጉርሰው አይሄዱም፤ ይደግማሉ። እኔን፣ የልብስ ማጠቢያዋን ሴትዮ፣ አንዳንዴም ፖስታ ያመጣውን ሰውዬ። ኒላ ብቻ ጎርሳ አታውቅም። ወደ ባንኮኒው ሲጠጉ ገና “ዳዲ፣ ከስተመር አለ” ትላለች። ከስተመር ባይኖርም።

አንድ ጊዜ ወረቀቱ ተረስቶ ጎማ የሚሸጥ ነጭ እንግዳ ክፍል ውስጥ ቀረ። ሰውዬው በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ይዞት፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው ወደ ባንኮኒው መጣ። ድግምት ነው፣ አንድ ሰው ሊጎዳኝ ፈልጓል ብሎ ክፍል ካልቀየራችሁልኝ አለ። የያዘው ተዘቅዝቆ ነበር። ኒላ ተቀበለችው፣ አቃንታ ያዘችው፣ ትንሽ አየችው፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ቁልፍ ሰጠችው። ከዚያ አባቷ ዘንድ መጥታ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወረቀቱን ከአንተ ሰዎች ክፍል ውጪ እንዳላይ ብላ ሄደች።

“የአንተ ሰዎች አለችኝ” አሉኝ ሚስተር ራሲክ፣ ሽልማት እንደተቀበለ ሰው። “ሰማሻት?”

ከሰዎቻቸው ሁሉ የሚብሰው ሙሄ ነበር። ሙሄ የደሴ ልጅ ነው፤ ከሂውስተን መጥቶ ታክሲ ጀመረ። ሊከራይ የመጣ ዕለት ሎቢው ውስጥ ሚስተር ራሲክን ሲያይ ሻንጣውን ጥሎ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀጥ አለ። ጢሙ መሸበት የጀመረ ሰውዬ ነው።

“ሙሄ” አሉት ሚስተር ራሲክ፣ አየት አድርገውት ብቻ። “ያ የቤት ሥራ የት ደረሰ?”

“ውሻ በላው፣ ሚስተር።”

“ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ?”

ደሴ ተማሪያቸው ሳለ ከአሥር አራት ነበር የሚሰጡት። ሙሄ ቂሙን አልረሳም፤ መሳቢያው ውስጥ ያገኘውን ግጥም ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ እያረመ መልሶ ያስቀምጥ ጀመር። ሚስተር ራሲክ ቀዩን ሲያዩ እንደ ተማሪ ፊታቸው ይቀላል። አንዳንዱን ግጥም ግን ሙሄ ሳያርም ይወስደዋል፤ ያን ቀን ስኳሩ ሦስት ዙር ይሄዳል።

አንድ ግጥም ነበር፣ ማንም የማይወስደው። አጭር ነው፣ እሹሩሩ ነገር። በየጊዜው ይቀይሩታል፣ በየጊዜው አስቀምጠው በየጊዜው እኔ መልሼ አመጣላቸዋለሁ። “አለ” ብዬ ስነግራቸው ለሌላው ግጥም እንደሚያደርጉት አይስቁም፤ ወረቀቱን ተቀብለውኝ ይሄዳሉ። አንድ ቀን እኔም ሰለቸኝ።

“ይተውት እስቲ ይሄንን። የስንቱን ገጣሚ ተርጉመው፣ ለአንድ እሹሩሩ?”

የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነን። ማሽኑ ላይ ተደግፈው ነገሩኝ።

ኒላ የተወለደችው ደሴ ነው። ወላጆቿ በጉጃራቲ ቢያናግሯትም ከጎረቤት ልጆች ጋር ውላ ስለምትገባ ከአማርኛ ሌላ አልናገርም አለች። ሀሁን የቆጠረችው፣ አንደኛ ክፍል የገባችው እዚያው ነው። ሰባት ዓመቷ ላይ አያቷ ከሕንድ “ልጅቷ ቋንቋዋን ሳታውቅ ልትቀር ነው፣ ላኩልኝ” ብለው ላኩ። ላኳት። እነሱ ደሴ ቀሩ።

“እኔ ቋንቋ እወዳለሁ” አሉኝ። “ቋንቋ እንድትማር መላክ ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር።”

አያቷ ቤት አንድ እንኳ የሚሰማት ሰው አልነበረም። ከፋኝ ስትል አይገባቸው፣ አባቴ የት ነው ስትል አይገባቸው። ዓመት ሙሉ አለቀሰች። አያቷ እንባዋን እያዩ ይህችን እሹሩሩ አወጡላት፤ ማታ ማታ ጭናቸው ላይ አድርገው ያንን ይሏታል። ልጅቷ ከዘፈኗ አንድ ቃል አትሰማም። ወላጆቿ ጠቅልለው ሕንድ ሲገቡ ኒላ ጉጃራቲ እንደ ማንም ልጅ ታወራለች። አባቷ አቅፈው በአማርኛ ሲያናግሯት ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች፤ “ይህ ሰውዬ በዚያ ቋንቋ እንዳያናግረኝ” አለች በጉጃራቲ። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ አናግረዋት አያውቁም።

“አሁን እኮ ጉጃራቲውን ትሰማዋለች” አልኳቸው። “ለምን በዚያው አይዘፍኑላትም?”

“እሱንማ ትልቋ ኒላ ትሰማዋለች። ያለቀሰችው ትንሿ ናት። እሷ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አትችልም።”

“ታዲያ እጇ ላይ ይስጧታ፣ ምን መሳቢያ ለመሳቢያ ያንከራትተዎታል?” አልኳቸው።

“‘ጥሩ ነው ዳዲ’ ትለኛለቻ። መጀመሪያ ባዳ ይውሰደው። ባዳ ያልወሰደውን ለልጄ አልሰጥም” አሉና ማሽኑ ሲቆም አንሶላውን ማውጣት ጀመሩ።

በማግስቱ እኔው ሙሄ ክፍል መሳቢያ ውስጥ አደረግኩት። ማታ ወረቀቱን ይዞ ሎቢ ድረስ መጣ።

“ሕፃን ሆይ፣ ስለ ምን ታለቅሻለሽ? እነሆ ኀዘንሽ እንደ ሌሊት ተጋርዷል” ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። “ሚስተር፣ ይሄ ልጅ ማስተኛ ነው ወይስ የፍርድ ቤት መጥሪያ?”

“ግጥም ነው” አሉ ሚስተር ራሲክ ቅር ብሏቸው።

“በዚህ የተኛ ልጅ ሲቃዥ ነው የሚያድር።”

“ከአሥር?”

“አራት” አለ ሙሄ። ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። ቀጥሎ ግን ፊታቸውን አየና ደነገጠ፤ “ማለቴ፣ ጽሑፉ ቆንጆ ነው” አለ። ለጽሑፉ ውበት ማርክ እንደማይሰጥ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው።

በዚያው ሰሞን ኒላ ሞቴሉን ማደስ ጀመረች። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ አልጋ፣ ሁሉም ይቀየራል። አዲሶቹ ኮመዲኖዎች መሳቢያ የላቸውም፤ እንግዳ ዕቃ እየረሳ እያስቸገራት ስለሆነ። ክፍሎቹ ተራ በተራ እየተዘጉ ሀበሾቹም ሌላ ሌላ ቦታ ሄዱ፤ ሙሄም ቪከሪ ሜዶ በሚባል የዳላስ ሰፈር አፓርትመንት ያዘ።

“ማተሚያ ቤቴ ሊዘጋ ነው” አሉኝ ሚስተር ራሲክ መኪና ውስጥ። ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግጥም ሳይሉ እየነዱ ነበር።

“ሰናይት” አሉ። “ሰባት ዓመትሽ ላይ ‘ኀዘን’ የሚለውን ቃል ታውቂው ነበር?”

“ለቅሶ ቤት ሰምቼው ይሆናል። እኔ ራሴ ‘ከፋኝ’ ነበር የምለው።”

“‘ስለ ምን’ስ ትያለሽ?”

“ኧረ ማን ይላል። ልጅ ሲያለቅስ ‘ማነው የነካሽ?’ ነው የሚባለው።”

መኪናውን ዳር አስያዙ። እንዲሁ ሳንደርስ መንገድ ላይ ያቆማሉ ብዬ ስሰጋ የኖርኩት ደረሰ። ትንሿ ኒላ የማታውቀውን ቃል ሁሉ ከእሹሩሩው ሊያወጡ ወሰኑ። ሳምንቱን ሙሉ እያገኙኝ “ውል፣ የክር ውል፣ ታውቂው ነበር?” “እንስራስ?” ይሉኛል። አውቃለሁ ካልኩ ይገባል፤ ካመነታሁ ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት አምጥተው አስነበቡኝ፦

ማነው የነካሽ? ቁራው ነው እንዴ?
እናስረዋለን በቀይ ገመዴ።
ማነው የነካሽ? ነፋሱ ነው ወይ?
በእንስራ ዘግተን፣ ድንጋይ ከበላይ።
ማነው የነካሽ? መንገድ ነው አሉ፤
ገመድ አጠረኝ፣ ጠፋብኝ ውሉ።
ነይ እጭኔ ላይ፣ ተኚበት ልጄ፤
ሌላ ምን አለኝ፣ ይኸው ነው እጄ።

አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን ወደ ዩኒፎርሜ ኪስ ስከት ያዙኝ።

“አንቺ አትቆጠሪም፤ ታሪኩን ታውቂዋለሽ” ብለው ወሰዱብኝ።

ማታ ወደ ቤት ልሄድ ስል ጥጉ ላይ ካለው ክፍል ሲወጡ አየኋቸው። መሳቢያ ያለው ኮመዲኖ የቀረው እዚያ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ክፍሉ ተዘግቷል፣ ዕቃውም በማግስቱ ሊወጣ ነው።

“ሚስተር፣ እዚያ እኮ ከዚህ ወዲያ እንግዳ አይገባም” አልኳቸው።

“እንዲያ ነው?” አሉና ሹራባቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው አለፉ። ረስተውት ይሁን አውቀው እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። አንጀቴን በሉኝ። ሽማግሌው የመጨረሻ ዕድላቸውን ሰው በማይገባበት ክፍል ጨረሱት አልኩ።

በማግስቱ ዕቃ አውጪዎቹ ሳይደርሱ መጋረጃ ላወርድ ገባሁ። እግረ መንገዴን ወረቀቱን አንስቼ ልመልስላቸው መሳቢያውን ሳብኩት። መጽሐፍ ቅዱሱ ብቻ ነው ያለው። ቅርጫቱን አየሁ፣ ባዶ ነው። አልጋ ስር አየሁ፣ ኮመዲኖውን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግኩ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ሳይቀር አየሁ። የለም። የዚያ ክፍል ቁልፍ ከእሳቸው ሌላ ያለው እኔ ዘንድና ኒላ ዘንድ ብቻ ነው። ኒላ ደግሞ ማታ የትኛው ዕቃ እንደሚወጣ ለማየት እያንዳንዱን ክፍል ዞራለች።

ሚስተር ራሲክ የልብስ ማጠቢያው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

“የለም” አልኳቸው።

“ቅርጫቱስ?”

“ባዶ ነው።”

ጣቶቻቸውን ሊያራግፉ አነሷቸው፣ መሀል ላይ ተዉት።

“ማን እንደገባ ልንገርዎት?”

“አትንገሪኝ” አሉና ቆርቆሯቸውን አንስተው ወደ ሎቢው ሄዱ። ሥራዬን ጥዬ ተከተልኳቸው።

የዚያን ቀን በእውነት ከስተመር ነበረ። አንድ ባርኔጣ ያደረገ የጭነት መኪና ሾፌር ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ይፈርማል። ኒላ የባንክ ካርዱን ይዛለች። ሚስተር ራሲክ ከጎኗ ቆመው አንዱን የስኳር ቁራሽ አወጡ፣ ክዳኑን መልሰው ገጠሙ፣ ቁራሹን ወደ አፏ አደረጉ። እኔ “ዳዲ፣ ከስተመር አለ” የሚለውን እየጠበቅኩ ነው።

ኒላ አፏን ከፈተች። አጎረሷት። ሾፌሩ በጨዋነት ጣሪያውን አየ።

ሚስተር ራሲክ ያገኙት እንዳይበላሽባቸው የፈሩ ይመስል ቶሎ ዞር አሉ። በር ላይ ሳይደርሱ ኒላ፣ አፏ እንደሞላ፣ ዓይኗን ከካርዱ ሳታነሳ፣

“ድገመኝ” አለች።

በአማርኛ ነው፤ በደሴ ልጅ አማርኛ፣ አባቷን በአንተ።

ሚስተር ራሲክ ተመልሰው መጡ። ክዳኑን ቢታገሉት፣ ቢታገሉት፣ አልከፈት አላቸው። እኔ ከፈትኩላቸው።